ሰማይ ላይ የተተከለ ድጋፍ

ሐሙስ ማታ ነው። ነገ ጁምዓ ስለሆነ የሪያዷ ዐዚዚያ ሰፈር የመተኛት አሳብ የላትም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች ይተላለፋሉ፤ የጭነት መኪኖች ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሪያድ ሜትሮ ሰማያዊ መስመርም ኦላያንና በጥሓን አልፎ እስከዚህ ድረስ ሰው ያመጣል። በአንድ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ፣ ኤሲው በሚያጉረመርምበት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አንድ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሰዋል። ታላቁ አምስት ኪሎ የተማሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው። ታናሹ የባሕር ዳር ፖሊ ምሩቅ ነው። ስማችን ይቅር ስላሉ አልጠቅሳቸውም።

ላፕቶፑ ላይ ያለው መጋዘን ነው፤ 24 ሜትር ስፋት፣ 60 ሜትር ርዝመት፣ በየ6 ሜትሩ የብረት ትረስ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ደቡብ ሪያድ እንዲህ ያለ መጋዘን ሞልቶታል፤ ወደ አል ኸርጅ በሚወስደው መንገድ ሁለተኛውን የኢንዱስትሪ ከተማ ያየ ሰው ያውቀዋል። ለሠለጠነ መሐንዲስ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ፕሮግራሙ ግን ስሌቱን ጀምሮ አቆመው። በቀይ የጻፈው መልእክት ሲጠቃለል መዋቅሩ አልተረጋጋም፣ ኖድ 214ን ተመልከቱ የሚል ነው።

«ኢንጂነር፣ እዚች ኖድ ላይ ሪስትሬይንት ልስጣትና ይሩጥ?» አለ ታናሹ። ሙዲሩ፣ የቢሮው አለቃ፣ ሥራውን ለእሑድ ጠዋት ይፈልገዋል።

«የት ነች ኖዷ?»

«ጣሪያው ላይ።»

«ታዲያ ጣሪያው ላይ ማን ያዛት ልትል ነው? ሰማዩ?»

ታናሹ ሳቀ፤ እጁን ግን ከማውሱ ላይ አላነሣም። ይህን ፈተና ስትራክቸራል ኢንጂነር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ኖዷን ጠቅ አድርጎ በሦስቱም አቅጣጫ «ተይዛለች» ማለት የአፍታ ሥራ ነው። ቀዩ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ሪፖርቱ ይወጣል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል። መጋዘኑ ግን ማንም ባልሠራው ምሶሶ ላይ ተደግፎ ይቀራል።

ፕሮግራሙ ለምን እንደሚቆም ለመረዳት ውስጡ የሚሆነውን ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ምሶሶን፣ ቢምን፣ ሶሌታን እንደ እኛ አያይም። ሕንፃው ኢለመንት በሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ ቁርጥራጮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ደግሞ ኖድ ነው። አንድ ኖድ በሦስት አቅጣጫ ሊንቀሳቀስ፣ በሦስት አቅጣጫ ሊዞር ስለሚችል ስድስት እኩልታ ይዞ ይመጣል። 20,000 ኖድ ያለው ሕንፃ 120,000 እኩልታ ማለት ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ መፈታት አለባቸው። ይህ ፋይናይት ኢለመንት የሚባለው ዘዴ ስሙን ያገኘው የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሬይ ክላፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ተማሪው የነበረው ኤድዋርድ ዊልሰን በ1970 ሳፕ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። ዛሬ አዲስ አበባም ሪያድም ቢሮ ውስጥ የሚከፈቱት ሳፕ 2000 እና ኢታብስ የዚያ ዘር ናቸው።

እኩልታዎቹን የሚፈታው የፕሮግራሙ ክፍል ሶልቨር ይባላል። በብዛት ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ አንድሬ ሉዊ ሾለስኪ የተባለ የፈረንሳይ መድፈኛ መኮንን ለካርታ ሥራ ልኬቶች ብሎ ያወጣው ነው። ሰውየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነሐሴ መጨረሻ 1918 እ.ኤ.አ. ላይ ጦር ሜዳ ወደቀ፤ ዘዴውን በ1924 ያሳተመለት የሥራ ባልደረባው ነበር። ስሙ በየቀኑ በሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ውስጥ እንደሚሠራ ሳያውቅ ሞተ።

ሶልቨሩ ያልታወቁትን አንድ በአንድ እያስወገደ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም በአንድ ቁጥር ያካፍላል። ያ ቁጥር፣ ፒቮት የሚሉት፣ ሌሎቹ ከተወገዱ በኋላ ኖዱ በዚያ አቅጣጫ የቀረው ግትርነት ነው። ግትርነት ካለ ስሌቱ ይቀጥላል። ዜሮ ከሆነ ኖዱን በዚያ አቅጣጫ የያዘው ነገር የለም፤ ትንሽ ቢገፉት መቆሚያ የለውም፣ በዜሮ ማካፈልም አይቻልም። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተሰጠው ጭነት መዋቅሩን ከሚያጣጥፈው መጠን አልፏል ማለት ነው። ድስት ሦስት ጉልቻ ካልያዘው አይቀመጥም፤ ሶልቨሩም ደጋግሞ የሚጠይቀው ጉልቻው የታለ እያለ ነው። ለዚህ ነው ቀዩን ጽሑፍ እንደ ኮምፒዩተር ብልሽት የሚያይ ሰው የሚሳሳተው። ማሽኑ አልተበላሸም። ሰውየው የሠራውን ነገር ነው የሚጠይቀው።

ዐዚዚያ እንመለስ። ታላቁ መሐንዲስ ኖዷን ከመንካት ይልቅ ሌላ ነገር አዘዙ፦ ጭነቱን ሁሉ ተወውና ሞዳል ብቻ አስሮጥ። ሞዳል የሚባለው ስሌት መዋቅሩ በራሱ ሲወዛወዝ የሚይዘውን ቅርጽና አንድ ዙር ለመወዛወዝ የሚፈጅበትን ጊዜ ያወጣል። እንዲህ ያለ መጋዘን አንድ ጊዜ ለመወዛወዝ ከአንድ ሰከንድ ብዙም የራቀ ጊዜ አይፈልግም። የመጀመሪያው ቅርጽ ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ሆኖ ከመጣ አንድ ነገር ሳይያዝ ቀርቷል። ሥዕሉን በእንቅስቃሴ ሲያዩት ደግሞ ጥፋተኛው ራሱን ያጋልጣል፤ ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ብቻ ይበራል።

በረረም። ጣሪያው ላይ በሁለት ትረሶች መካከል በመስቀል የተዘረጉት ቀጫጭን የብሬሲንግ ዘንጎች መሐል ለመሐል እየተነፉ፣ እየረገቡ ታዩ። ምክንያቱም ግልጽ ሆነ። ሥዕሉ ከአውቶካድ ሲገባ ሁለቱ ዘንጎች የሚተላለፉበት ቦታ ላይ ተቆርጠው አራት ቁራጭ ሆነዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም እንደ ዘንግነቱ በሁለቱም ጫፍ ማጠፊያ ተሰጥቶታል። አራት ማጠፊያ አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ። በጣሪያው ልክ ቢገፏት ኖዷ ትቆማለች፤ ከጣሪያው ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ግን የሚይዛት የለም። ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ የዘንጎቹ የራስ ክብደት ቁልቁል ሲጎትታት የክብደቱ አንድ ክፍል ወደዚያ ወደ ባዶው አቅጣጫ ይገፋታል። ሶልቨሩ እዚያ ላይ ነው የቆመው።

መድኃኒቱ ሳይቱ ላይ አለ። ብረት ሠራተኛው ሁለቱን ዘንግ መሐል ላይ አይቆርጣቸውም፤ አንዱን በአንዱ ጎን አሳልፎ ጫፋቸውን ያስራል። ታናሹ አራቱን ቁራጭ ደምስሶ ሁለት ሙሉ ዘንግ አሳለፈ፤ ኖድ 214 ጠፋች፣ ስሌቱም አለፈ። የጠፋው በእርግጥ ያልነበረ ነገር ነበር።

ድጋፉ ሰማይ ላይ ቢተከል ኖሮስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የጣሪያው ስፋት 24 በ60፣ 1440 ካሬ ሜትር ነው። ቆርቆሮውና ተሸካሚው ብረት በካሬ ሜትር 0.5 ኪሎ ኒውተን ቢባል ጠቅላላው 720 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ጥሩ መሐንዲስ ይህን በእጁ ያሰላና የድጋፎቹን ድምር ከፕሮግራሙ ጋር ያመሳክራል። ችግሩ ሰማይ ላይ የተተከለውም ድጋፍ የድርሻውን ተሸክሞ ድምሩ ውስጥ መግባቱ ነው። ድምሩ 720 ይመጣል፤ መሐንዲሱም ተደስቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የድጋፎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ወርዶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሸከም ካለ ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሶልቨሩ ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይቆምም። አንዳንዴ እያጉረመረመ ያልፋል፤ ይህን ያህል አሃዝ ጠፍቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይተዋል። ኮምፒዩተር አንድን ቁጥር ወደ 16 በሚጠጉ አሃዞች ይይዛል። በጣም ግትር የሆነ ነገር በጣም ከሚለመጥ ነገር ጋር ሲያያዝ ትንሹ ቁጥር በትልቁ ውስጥ ይዋጣል፤ 11 አሃዝ ከጠፋ የሚታመነው አምስቱ ብቻ ነው። ምንጩ ብዙውን ጊዜ የሰው ብልጠት ነው። አንዱ ሁለት ቢሞችን «ፍጹም ግትር» በሆነ ነገር ላገናኝ ብሎ የብረቱን ግትርነት በቢሊዮን ያበዛል። አጠገቡ ካለው ሺህ ወይም አሥር ሺህ እጥፍ ቢሰጠው ለሥራው በበቃው ነበር። ሌላው ደግሞ የብረትን ግትርነት በሜጋ ፓስካል 200,000 ማለት ሲገባው 200 ብሎ ይጽፋል፤ ስሌቱ ያልፋል፣ መጋዘኑ ግን እንደ ላስቲክ ይዘረጋል። ስለዚህ ከስሌቱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሠንጠረዥ ማገላበጥ መሆን የለበትም። የተለመጠውን ቅርጽ ማየት ነው፤ ዓይን አንድን ሞኝነት ከሠንጠረዥ ቀድሞ ይይዛል።

የካድ ሥዕል የሚያመጣው ጣጣም አለ። አንድ ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት ኖዶች ስክሪን ላይ አንድ ነጥብ ናቸው፤ ለሶልቨሩ ግን ቢሙ ምሶሶውን አልነካውም። ፕሮግራሞቹ የተቀራረቡ ኖዶችን የሚያዋህዱበት ትእዛዝ አላቸው፤ የርቀቱ ገደብ ከበዛ ግን መለያየት ያለባቸውንም አብሮ ያጋባል።

ሞዳሉ ካለፈ በኋላ ቡና ተቀዳ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ከመጀመሪያው የሚከብድ ነበር፤ ለእኔ የሌሊቱ ዋና ትምህርትም እሱ ነው።

ቀጭን ዘንግ ሲጎትቱት ይሸከማል፣ ሲገፉት ግን ይጎብጣል። ስለዚህ የጣሪያውም የጎን ግድግዳውም ዘንጎች በመጎተት ብቻ እንዲሠሩ ለፕሮግራሙ ተነገረው። ከዚህ በኋላ ስሌቱ ቀጥታ መስመር መሆኑ ቀረ፤ ሶልቨሩ ጭነቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመረ፣ የትኛው ዘንግ እንደረገበ እየፈተሸ፣ ሚዛኑን እየፈለገ ይሄዳል። ሚዛኑን ካላገኘ እርምጃውን ያሳጥርና እንደገና ይሞክራል፤ ደጋግሞ ካቃተው ስሌቱ አልተስማማም ብሎ ይተወዋል። አሁንም ያለው ይህን ነበር። ታናሹ የሙከራውን ብዛት ከፍ አደረገ፣ የስህተቱንም ገደብ አላላ። ሁለቱም የተለመዱ ማስታገሻዎች ናቸው፤ በሽታውን አይነኩም።

«መጀመሪያ የጫንከው ምንድነው?» አሉ ታላቁ።

«የራስ ክብደት።»

«ምሶሶዎቹ በራስ ክብደት ያጥራሉ አይደል? እነሱ ሲያጥሩ የጎን ግድግዳው ዘንጎች ምን ይሆናሉ?»

ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያም «ሁለቱም ይገፋሉ» አለ። ሁለቱም ሲገፉ ሁለቱም ይረግባሉ፤ ሁለቱም ሲረግቡ መጋዘኑን በጎን የሚይዘው ነገር የለም። ንፋሱ ገና ሳይመጣ፣ በአንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ማጠር፣ ግድግዳው በወረቀት ላይ ተፈታ። እውነተኛው መጋዘን ለምን አይፈታም? ሠራተኛው ዘንጎቹን ሲያስር ዝም ብሎ አይተዋቸውም፤ መሐላቸው ያለውን መወጠሪያ በቁልፍ እያጠበቀ ይወጥራቸዋል። ያ ውጥረት ሞዴሉ ውስጥ አልገባም። ትንሽ የመነሻ ውጥረት ሲሰጣቸው ስሌቱ ተስማማ። የሳይት ሠራተኛ በክንዱ የሚያውቀውን ኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ጣጣ አለ። ዘንጎቹ በመጎተት ብቻ የሚሠሩ ከሆነ የራስ ክብደትን ውጤትና የንፋስን ውጤት ለየብቻ አስልቶ መደመር አይቻልም፤ የትኛው ዘንግ እንደሚሠራ የሚወስነው የጭነቶቹ ጥምረት ነውና እያንዳንዱ ጥምረት ራሱን ችሎ መሮጥ አለበት። ይህን የዘለለ ሰው ምንም ቀይ ጽሑፍ አይመጣበትም።

የሪያድን ሙቀት ደግሞ መርሳት አይቻልም። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛውን 12 ጊዜ ያህል ይረዝማል። በብርዱ ወራት ማለዳ የተገጠመ 60 ሜትር መጋዘን በሙቀቱ ወራት 40 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 29 ሚሊሜትር ይረዝማል። ብሬሲንጉ መሐል ላይ ከሆነ ርዝመቱ ለሁለት ወገን ተካፍሎ ይተነፍሳል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ከሆነና ፍጹም ግትር ነው ብለን ብንወስድ፣ መሐል ያለው ብረት መሄጃ አጥቶ 96 ሜጋ ፓስካል ጫና ያጠራቅማል፤ ያውም ጣሪያው ላይ አንድ እርግብ ሳታርፍ። ሞዴል ላይ «ለደኅንነት ይበልጥ ይያዝ» ብሎ ድጋፍ ማብዛት የሚጎዳው እዚህ ነው። ሳይያዝ የቀረውን ሶልቨሩ ይጮህበታል፤ ከልክ በላይ የተያዘውን ግን በደስታ ያሰላዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በሰው አገር ደንብ ነው። የአገራችን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ ከ2015 ወዲህም በአውሮፓው ዩሮኮድ ላይ በተመሠረተው ደረጃ ነው የሚያድገው። ሪያድ ሲደርስ መጀመሪያ በሳዑዲ የመሐንዲሶች ምክር ቤት ይመዘገባል፤ ከዚያም የሳዑዲን የሕንፃ ኮድ ይማራል። በኮዱ 301 ጭነት፣ 304 ኮንክሪት፣ 306 ብረት ነው፤ መሠረታቸው የአሜሪካ ደንቦች ናቸው። የጭነት ማባዣው ይለያል፣ አጣማመሩ ይለያል። አዲስ አበባ የለመደውን ፋይል ከፍቶ ጭነቱን ብቻ የለወጠ ሰው ሶልቨሩ አይከሰውም። ወደ አገሩ ተመልሶ ሲሠራ ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል፤ ሪያድ ብዙም የማያስጨንቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ዋናው ጭነት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ያሳየው ይህንኑ ነው።

ታላቁን መሐንዲስ ቀይ ጽሑፍ እንደማያስፈራቸው ስነግራቸው «እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው» አሉ። አባባላቸው ማጋነን እንዳልሆነ ሁለት ሕንፃዎች ይመሰክራሉ።

አንደኛው በአሜሪካ ኮኔቲከት፣ በሃርትፎርድ ከተማ የነበረው የስፖርት አዳራሽ ነው። ጣሪያው 91 በ110 ሜትር የሆነ የብረት መረብ ነበር፤ ለዘመኑ እንደ ትልቅ ነገር በኮምፒዩተር ተሰልቷል። ሞዴሉ የላይኞቹ ዘንጎች መሐላቸው በሚገባ ተይዟል ብሎ አሰላ። የተገነባው መያዣ ግን የዘንጎቹን መታጠፍ የሚከለክል አልነበረም። ጣሪያው ሲነሣ የለመጠው ከተሰላው በእጥፍ ነበር፤ ይህ ታይቶም ታለፈ። ጥር 18 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ በረዶ የተሸከመው ጣሪያ ወደቀ። ሰዓታት ቀደም ብሎ 5,000 የሚያህል ተመልካች የቅርጫት ኳስ ይመለከትበት ነበር። ሰው አልተጎዳም። እዚያም የነበረው ሰማይ ላይ የተተከለ ድጋፍ ነው፤ ልዩነቱ ማንም በማውስ አለመትከሉ ነው። ሞዴሉ ራሱ አስቦት ነበር።

ሁለተኛው የኖርዌይ ነው። ስላይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ላይ የጋዝ ማውጫ ከታች የሚሸከመው ኮንክሪት መሠረት ነበረው፤ 24 ትልልቅ ባዶ ክፍሎች በአንድ ላይ የተያያዙበት። ክፍሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሚገናኙበት ቦታ ባለ ሦስት ማዕዘን ጠባብ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ የዚያ ግድግዳ የባሕሩን ግፊት ይቀበላል። ስሌቱ ናስትራን በተባለ ስመ ጥር ፕሮግራም ተሠራ። ሶልቨሩ አልቆመም፣ አላጉረመረመም። ግን በዚያ ጥግ ላይ የነበሩት ኢለመንቶች ለቦታው በጣም ትልልቅና የተጣመሙ ስለነበሩ ግድግዳውን የሚቆርጠው ኃይል በ47 በመቶ አንሶ ወጣ። ፌሮውም በዚሁ ልክ ታሰረ፤ አንዳንዱ ፌሮ ደግሞ ከሚገባው አጠረ። ነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. መሠረቱ ስታቫንገር አቅራቢያ በጋንድስ ፊዮርድ ውኃ እየሞላ ዝቅ ሲደረግ ግድግዳው 65 ሜትር ላይ ተሰነጠቀ። በደቂቃዎች ውስጥ መሠረቱ ወደ 220 ሜትር ጥልቀት ወረደ፤ ሲከሰከስ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ 3.0 መዘገበ። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። በኋላ ነገሩ በጥንቃቄ በተሠራ ስሌት ሲፈተሽ ግድግዳው 62 ሜትር ላይ እንደሚሰነጠቅ ወጣ።

ታናሹ ይህን ሲሰማ ወዲያው የጠየቀው «ሜሹ ቢጠብ ይታይ ነበር?» ብሎ ነው። ሜሽ የሚባለው የኢለመንቶቹ መረብ ነው። ይታይ ነበር። አንድን ሞዴል ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሰፊ አንዴ በጠባብ ሜሽ አስሮጦ ውጤቱን ማወዳደር ከጥንት የሚመከር ነው፤ መልሱ ብዙ ከተለወጠ የመጀመሪያው ሜሽ አልበቃም። ያን ጊዜ ደግሞ አንድ ሩጫ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰዓት ነበር። ዛሬ ዐዚዚያ ባለች ላፕቶፕ ላይ ቡና እስኪቀዳ ያልቃል፤ ዛሬ ላለማድረጉ ምክንያቱ ስንፍና ብቻ ነው።

ከስላይፕነር ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ከመስጠሙ በኋላ ያለው ነው። ጋዙ የሚቀርብበት ቀን ተወስኖ ነበርና ምትክ መሠረት በፍጥነት መሠራት ነበረበት። አዲስ የኮምፒዩተር ስሌት እስኪደርስ መጠበቅ ስላልተቻለ መሐንዲሶቹ ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት ይሠራበት በነበረው የእጅ ስሌት ንድፉን ጀመሩ። የኮምፒዩተሩ ውጤት ሲደርስ ንድፉ አልቆ ነበር። ሚያዝያ 29 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ምትኩ መሠረት ላይኛው አካል ተገጥሞለት ወደ ባሕር ለመጎተት ተዘጋጀ።